ፊትዎ ስለ ተበሳበት ሰሌዳ

ለክቡር አቶ ላይል ፕሪዊት፣ የታነር ካውንቲ ኮሚሽነር፤

ጤናዎ እንዴት ሰንብቷል? እኔ ሰማንያ አንድ ዓመቴ ነው፤ ማገዶዬን ራሴ እፈልጣለሁ፣ መኪናዬን ራሴ እነዳለሁ፣ በመቶ እርምጃ ርቀት ያለ መነጽር ኢላማ እመታለሁ። ደብዳቤ መጻፍ የምትችለው ባለቤቴ ዊልማ ነበረች፤ እሷ ካረፈች አራት ዓመት ሆኗልና ፊደሌን ይታገሡ።

በምርጫ ቅስቀሳ ሰሌዳዎ ፎቶ ላይ ተኩሼ ባለሥልጣን አስፈራርቻለሁ ተብዬ፣ የምጠብቀውን የካውንቲውን የተኩስ መለማመጃ ሜዳ ቁልፍ እስከ ዓርብ እንዳስረክብ ጽሕፈት ቤትዎ አዞኛል። ለተራ ሰው ይህን ያህል ስለ ተጨነቁልኝ ምስጋናዬ ወሰን የለውም። ሆኖም፦

፩ኛ. ሕጉ ተወዳዳሪ ምርጫው ባለፈ በአሥር ቀን ሰሌዳውን ያንሣ ይላል። የእርስዎ ግን እስከ ፋሲካ ድረስ ቦይ ውስጥ ቆመው ለመንገደኛው ፈገግ ሲሉ ከረሙ። የሰበሰብኳቸው እኔ ነኝ፤ ሽልማት አልጠየቅሁም።

፪ኛ. ሰሌዳዎቹን በብረት እግራቸው ሜዳው ላይ ተክዬ የኢላማ ማቆሚያ አደረግኋቸው፤ የተኮስኩት ፊትዎ ላይ በለጠፍኩት የኢላማ ወረቀት ላይ ነው። ጥይት ወረቀት በስቶ እንደማይቆም ለእርስዎ ማስረዳት ድፍረት እንዳይሆንብኝ። ቀዳዳው ሁሉ አፍንጫዎ ላይ መዋሉም እጄ ስለማይንቀጠቀጥ ነው እንጂ ጠልቼዎት አይደለም። ያሸነፏቸው የወይዘሮ ግሬታ ሰሌዳም አጠገብዎ ተበስቷል፤ እሳቸው አልከሰሱኝም።

፫ኛ. ልማዱን ያመጣችው ዊልማ ናት። ለካውንቲው ጸሐፊነት ተወዳድራ በአሥራ አንድ ድምፅ የተሸነፈች ሳምንት፣ የራሷን አርባ ሰሌዳ መኪና ላይ ጭና ሜዳው ላይ ተከለችው። በፊቷ ላይ መተኮስ ቢያሳፍረኝ፣ «ተኩስ እንጂ አንተ ሰውዬ፤ የተሸነፍኩት እኔ ነኝ፣ የብረቱ እግር ምን አደረገ?» አለችኝ። ከአርባው አንዱ እንደ ወንፊት ሆኖ ዛሬም ሜዳው ላይ በሦስተኛው የተኩስ መስመር ይሥቃል። ቁልፉን ሲወስዱ ከእኔ የሚወስዱት እሱን ነው።

ሆደ ሰፊነት እንዲሰጥዎ እየጸለይኩ፣ ባርኔጣዬን አውልቄ እጅ እነሣለሁ።

ዴልበርት ሆክ

ተጨማሪ፦ ዕዳዬን ሌላ ሰው እንዲከፍልልኝ አልወድም። ቁልፉን ዓርብ ራሴ አመጣለሁ፤ ሸሪፉንና ፖሊሶቹን አያድክሙ። ከጎረቤቴ የተዋስኩትን አካፋ እመልሳለሁ። ሠላሳ ሁለቱን ሰሌዳዎችዎን ጠርጌ ጽሕፈት ቤትዎ በር ላይ እደረድራለሁ። ዊልማን ነቅዬ ግቢዬ ውስጥ፣ በመንገዱ ፊት ለፊት እተክላታለሁ። ድምፄን ለእርስዎ ሰጥቼ ካውንቲውን የበደልኩትንም በሚመጣው ምርጫ ራሴው እክሳለሁ።