የመለኪያው የገዛ ቁጥሮች

ሰኞ፣ ጁላይ 8

ብርድ። ናይሮቢን ዘንድሮ ምን እንደነካት እንጃ... ጣቴ እስኪሞቅ ብዬ የትኩስ አጥሚት፣ የኡጂ፣ ኩባያ ታቅፌ ረፋዱን ፈጀሁት። ሥራ ተከምሯል፣ መንካት አላሰኘኝም።

ከሰዓት ንዚዮካ መጣ። ከማቻኮስ ወዲያ ካለው ሆስፒታል፣ የማሽን ጠጋኛቸው። ያንን ብርቱካናማ መለኪያውን ይዞ። ያለጊዜያቸው የተወለዱ ሕፃናት የሚተኙበትን ማሞቂያ የሚፈትሸው በሱ ነው፤ ስድስት ገመድ፣ በየገመዱ ጫፍ አንድ ሙቀት አንባቢ። ባትሪው ነው የደከመው።

"ባትሪውን ቀይሪልኝ፣ ሐሙስ እወስደዋለሁ። ሁለት አዲስ ማሞቂያ ደርሶናል፤ ሳልፈትሻቸው ልጅ አይተኛባቸውም" አለ።

ባትሪ ብቻ። ሻይ እስኪፈላ የሚያልቅ ሥራ።

ማክሰኞ፣ ጁላይ 9

ምን አስነካኝ? ኧረ ምን አስነካኝ!

ባትሪው ገባ፣ ማሽኑ ሠራ። ዝጊው እንጂ! አይ እኔ... አዲስ ሶፍትዌር ወጥቶለታል፣ በነካ እጄ ልጫንለት አልኩ። ግማሽ ላይ ሲደርስ ድርግም። መለኪያው ባትሪ አለው፤ የሚጭንለት ኮምፒውተሬ ግን የለውም። የሰፈሩ መብራት ነው ብዬ በመስኮት ባይ ሉቱሊ ጎዳና ቦግ ብሏል። የጠፋው የእኛ ቆጣሪ ብቻ። ካርዱ አልቆ።

እኔንና ጎረቤቴን፣ ሽማግሌውን ጠጋኝ ምዜ ኦቾላን፣ የሚለየን አንድ ኮምፔርሳቶ ነው፤ ቆጣሪው የጋራ። አንድ ወር እሱ ይሞላል፣ አንድ ወር እኔ። ከተኳረፍን ሁለት ዓመት ሆነን። ስለዚህ "የዚህ ወር የማን ነው?" ብሎ የሚጠይቅ የለም። እኔ የሱ ነው ብዬ፣ እሱ የኔ ነው ብሎ...

የመለኪያው መስታወት ጥቁር። ብጫነው ጭጭ። ባጠፋው ባበራው ጭጭ።

ከማዶ ሳቅ ሰማሁ ልበል? ወይስ ሳል ነው?

ረቡዕ፣ ጁላይ 10

ቁጭ ብድግ። ከአምራቹ የወረደው ፋይል ለጤነኛ ማሽን ነው፣ በድን የሆነውን አያስነሳም። የቀረው አንድ መንገድ፤ ያው ዓይነት ጤነኛ መለኪያ ከፍቶ፣ ቺፑ ላይ ያለውን እንዳለ መቅዳት። ታዲያ በዚህ ከተማ ያንን መለኪያ ሲያከራይ የማውቀው አንድ ሰው ነው። ከኮምፔርሳቶው ማዶ የተቀመጠው።

ምን አጣላን? ደንበኛ ፊት፣ በልጄ ስም እየጠራኝ፣ "ማማ ኪዮኮ እጇ ፈጣን ነው፤ ስትበይድ ግን ልጅ ገንፎ የበላበት ነው የሚመስለው" አለ። ደንበኛው ሳቀ። እኔ አልሳቅኩም። ይኸው ነው። ሲጻፍ እንዴት ያንሳል!

ንዚዮካ ደወለ። አላነሳሁም።

ሐሙስ፣ ጁላይ 11

ሄድኩ። በገዛ እግሬ። በሩ ላይ ቆሜ "ቤቶች!" እንደማለት ተጣራሁ።

"ሆዲ! ሆዲ፣ ምዜ!"

"ማነው? ድምፁን የማውቀው መሰለኝ... በስልክ ሲጮህ።"

"ቀልድዎን ይተዉኝ። ተቸግሬ ነው የመጣሁት።"

"ካልተቸገሩማ ማን ኦቾላ ጋ ይመጣል! ግቢ። ማንዳዚ ብዪ መጀመሪያ።"

የሱ ነገር፤ ሳይበላ ወሬ የለም። ያንን ቦምቦሊኖ የመሰለ ነገር በላሁ። ነገርኩት። ጭንቅላቱን ነቀነቀ።

"ካርዱን የመሙላቱ ተራ ያንቺ ነበር።"

"የእርስዎ ነበር!"

"የጁንን ማን ሞላ?"

"...እንጃ።"

"እኔም እንጃ" ብሎ ሳቀ። ሳልፈልግ ሳቅኩ።

የሚያከራየውን መለኪያ አወጣልኝ፤ እዚሁ ፊቴ ክፈቺው ብሎ። አብረን ቀዳን። የንዚዮካን የተበላሸ ቺፕ ነቅዬ፣ የቀዳነውን የያዘ አዲስ ቺፕ በቦታው በየድኩ። ኦቾላ በማጉያው ሥር አየና "ገንፎው ተሻሽሏል" አለ። የጋለው መበየጃ እጄ ላይ ነበር፣ ታገስኩ።

በራ! ስድስቱም ገመድ ቁጥር ሰጠ። ጮህኩ። ሽማግሌውን አቀፍኩት መሰለኝ... መስታወቱ ላይ የወጣው መለያ ቁጥር የኦቾላ መለኪያ ነው። "በቃ ልጄ ሆነ" አለ። ሳቅን።

ንዚዮካ ማምሻውን ወሰደው። "ልክ ነው?" አለኝ። "ልክ ነው" አልኩት።

ቅዳሜ፣ ጁላይ 13

ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። ልቤ ግን አልረጋ አለ። ሱቁን ጠረግኩ፣ የጠረግኩትን ደግሜ ጠረግኩ። ያ መለያ ቁጥር... የኦቾላን መለያ ከቀዳን ሌላስ ምን ቀዳን?

ምሳ ላይ ነው የገባኝ። ማንኪያው አፌ ሳይደርስ ቀረ። መለኪያ ፋብሪካ ውስጥ ሲሠራ የየገመዱን ስህተት ለክተው ማስተካከያ ቁጥር ያስቀምጡበታል። ለያንዳንዱ ማሽን የራሱ። የአንዱን ለሌላው መስጠት የሰው መነጽር እንደማድረግ ነው። እኔ ደግሞ ሁሉንም ጠራርጌ ገለበጥኩ። የንዚዮካ መለኪያ በኦቾላ መለኪያ ቁጥር ነው የሚያነበው!

በስንት ይሳሳታል? ወደ ላይ ነው ወደ ታች?

ደወልኩ። አያነሳም። አሁን ደግሞ የሱ ተራ ሆነ። ደግሜ፣ ደግሜ... በመጨረሻ አነሳ። ሁለቱንም ማሞቂያ ትናንት ፈትሾ ሥራ አስጀምሯል። አንዱ ውስጥ ልጅ አለች። ትናንት የተወለደች።

"ገመዶቹን በረዶና ውሃ ውስጥ ክተት። ዜሮ ማለት አለበት። አሁኑኑ።"

መልሶ ሲደውል ድምፁ የሌላ ሰው ነበር። "አንድ ከግማሽ ይላል።"

ከእውነተኛው አስበልጦ ያነባል። እሱም ይህን አምኖ ማሞቂያውን ዝቅ አድርጎታል። ያቺ ልጅ እዚያ ውስጥ ሲበርዳት ነው ያደረችው።

"ንዱንጌ፣ ምን አድርገሽኝ ነው?" ብሎ፣ በገዛ ስሜ ጠርቶኝ ዘጋው።

እሑድ፣ ጁላይ 14

አንድ መልእክት ብቻ ላከ። "ልጅቷን ነርሷ እናቷ ደረት ላይ አድርጋታለች። አሮጌዎቹ ሞልተዋል፣ አዲሶቹን ዘግቻለሁ።"

ደህና ናት ወይ? ብዬ ጻፍኩ። አልመለሰም። ቤተ ክርስቲያን ሄጄ ምን እንደተሰበከ አላውቅም።

ሰኞ፣ ጁላይ 15

መለኪያው ማለዳ በማታቱ ሚኒባስ ሹፌር እጅ ደረሰኝ። ሰላምታ የለ፣ ምን የለ።

የገዛ ቁጥሮቹ ያሉት በነቀልኩት ቺፕ ላይ ብቻ ነው። የተበላሸው ሶፍትዌሩ ነው፤ ቁጥሮቹ ግን ሌላ ጥግ ላይ ስለሚቀመጡ ተርፈው ይሆናል። ቺፑስ የታል? የኦቾላ ወለል ላይ ጣልኩት። ሞቷል ብዬ... እንደ ጥፍር ቁራጭ!

ኦቾላ ጥራጊውን አውጥቶ አይጥልም፤ በጆንያ ያጠራቅማል። ጎተትነው፣ ወለል ላይ ዘረገፍነው። ብሎን፣ የሽቦ ቁራጭ፣ የማንዳዚ ፍርፋሪ፣ ቺፕ ደግሞ በእፍኝ። ተንበረከክን።

"ይሄ ጉልበት ስድሳ ዓመት አገልግሏል፣ ማማ ኪዮኮ። ለጸሎት እንኳ እንዲህ አላስቸገርኩትም።"

"ይሄስ?"

"አይደለም። የሬዲዮ ነው።"

"ይሄስ?"

"አይደለም አልኩሽ፣ ቀስ በዪ!"

አለቀስኩ። ቺፑን ስላጣሁ አይመስለኝም... ያ ሰውዬ ልጅቷ ደህና ናት ስላላለኝ ነው። ኦቾላ አየኝና "ማልቀሱን አልከለክልሽም፤ የእጅ ባትሪውን ግን አስተካክለሽ አብሪልኝ" አለ።

እሱ ነው ያገኘው። የቺፑ አንድ እግር ተጣሟል።

ማክሰኞ፣ ጁላይ 16

አሉ! ቁጥሮቹ አሉ። ስድስቱም፣ አንድ ሳይጎድል። እነሱን ብቻ ለይቼ ወደ መለኪያው መለስኩ። ዛሬ እጄን በግድ አዘገየሁት። ኦቾላም እያንዳንዱን ጮክ ብሎ አነበበልኝ።

ታች ካለችው ዓሣ ሻጭ በረዶ አመጣሁ። ገመዶቹን ከተትኩ። ከዜሮ በታች ሁለት!

ኦቾላ ጣቱን ነከረና ላሰው። "ጨው ነው። ዓሣ ያደረበት በረዶ ይዘሽ መጥተሽ መለኪያውን ትረግሚያለሽ? ሂጂ ንጹሕ አምጪ።"

ንጹሕ አመጣሁ። ዜሮ። ስድስቱም ዜሮ። አልጮህኩም ዛሬ። የኦቾላንም እጅ ሳልይዝ አልቀረሁም።

ካርዱን ሁለታችንም ሞልተን ኖሯል፤ ቆጣሪው እስከ ገና ይበቃዋል።

ረቡዕ፣ ጁላይ 17

መለኪያውን በሰው አልላክሁም። ይዤው ሄድኩ። መንገዱን ሁሉ ጭኔ ላይ ታቅፌው።

ንዚዮካ ሰላም አላለኝም። በረዶውን አዘጋጅቶ ነው የጠበቀኝ። ከተተ፣ ዜሮ። በረዶውን ቀይሮ ከተተ፣ ዜሮ። ከዚያ ማሞቂያውን አስተካከለ። ጠበቅን። ሠላሳ ስድስት ብሎ ቆመ።

"ልክ ነው" አልኩ።

"ባለፈውም ልክ ነው ብለሽኝ ነበር።"

ቁጥሩን ደግሜ አየሁ።

"እጅጌሽን ሰብስቢ" አለ።

"ለምን?"

"ሰብስቢና እጅሽን ክተቺ። ልጅቷ የምትተኛበት ላይ። አውጪ እስክልሽ እዚያው ቁሚ።"

በማሞቂያው የጎን መስኮት እስከ ክርኔ ከተትኩ። ቆምኩ። ነርሶች ያልፋሉ፣ ያዩኛል፣ ማንም ምንም አይለኝም። አፈርኩ። ከዚያ ማፈሩም አለፈ። ወለሉ ሲሚንቶ ነው፣ እግሬ ደነዘዘ፤ ክንዴ ብቻ ለብ ብሎት... ምን ያህል እንደቆምኩ አላውቅም። ንዚዮካ ወንበር ላይ ተቀምጦ መለኪያውን እያየ አንድ ጊዜም ቀና አላለ።

በሩ ተከፈተ። በጣም ልጅ እግር የሆነች ሴት፣ ካንጋ የሚሉትን ነጠላዋን እስከ አገጯ ጠቅልላ፣ እየተጠነቀቀች ትራመዳለች። ከካንጋው ጫፍ ትንሽ ነጭ ኮፍያ ይታያል። ኮፍያው ተንቀሳቀሰ።

ያቺ ነርስ፣ ሲዮካው የሚሏት፣ ሕፃኗን ከእናቷ ደረት ተቀብላ ወደኔ መጣች።

"እጅሽን አውጪ" አለችኝ፣ "የአልጋው ባለቤት መጥታለች።"

ንዚዮካን አየሁት። በእሺታ ራሱን ነቀነቀ።

አወጣሁ።