በደጅ በኩል ይቀመጡ ስለነበሩት ስለ መምህር ወልደአረጋይ ዕረፍት

በአንኮበር ከደብረ ጽባሕ ሚካኤል ጉባኤ ቤትና ከጽዋ ማኅበሩ የወጣ። ይድረስ ለደብሩ ካህናትና ተማሪዎች፤ በደብረ ብርሃን፣ በሰላ ድንጋይና በለሚ ላሉ ጉባኤ ቤቶች፤ ለባለ እጆች መንደር፤ ለአልዩ አምባ ሸማኔዎችም።

የእጅ ትምህርትን በጉባኤ ቤታችን ያስጀመሩት መምህር ወልደአረጋይ በዚህ በግንቦት ወር፣ በ፲፰፻፹ ዓመተ ምሕረት በዘመነ ዮሐንስ፣ ከዚህ ዓለም ድካም ዐርፈዋል። ያረፉበትን ቀን ለይተን መጻፍ አልቻልንም። ምክንያቱን ዝቅ ብለን እንናገራለን። ሐዘናችን ጥልቅ ነው፤ ኀፍረታችንም ከሐዘናችን አያንስም።

መምህር ወልደአረጋይ በሰላ ድንጋይ ተወልደው፣ ዜማና ቅኔ ጠንቅቀው፣ በ፲፰፻፷፭ ወደ ደብራችን መጡ። ንግግራቸው አጭር፣ እርምጃቸው ፈጣን ነበር። ሚስት አላገቡም። ከቤተ ዘመድ በሕይወት ያሉት እኅታቸው እመት አመተ ማርያም ብቻ ናቸው።

በ፲፰፻፸፫ ቃል ያጠና ተማሪ እጁንም ማስጠናት አለበት ብለው ከባለ እጆች መንደር ጋር ስምምነት አደረጉ። ተማሪዎቻችን ማክሰኞና ሐሙስ ወርደው ከቀጥቃጩ ከይሁኔ ዘንድ ብረት ማጋልና ማረሻ መሥራት ይማራሉ፤ የባለ እጆቹም ልጆች በምላሹ ፊደል ይቆጥራሉ። ልጆቹ የደብሩን በር እንዳያልፉ ስለከለከልን መምህሩ ከአጥር ውጭ ካለው ጽድ ሥር ያስተምሯቸው ነበር። ክረምት ሲገባም ገሳ ለብሰው ያስተምሩ ነበር እንጂ አላቋረጡም።

በዚያው ዓመት ማኅበራችን ተሰብስቦ፣ የቀጥቃጭ ወናፍ የነካ እጅ ጽዋችንን አይነካም ሲል ወሰነ። ባለ እጅ ቡዳ ነው የሚለውን ወሬ ያወራነው እኛው፣ የፈራነውም እኛው ነን። ከዚያ ወዲህ በየወሩ በአሥራ ሁለት፣ በማኅበራችን ቀን፣ ጽዋው ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር መምህር ወልደአረጋይ በደጅ በኩል ለብቻቸው ተቀምጠው በገዛ ቅላቸው ይጠጡ ነበር። በየዓመቱ በኅዳር ሚካኤል ተነሥተው ጽዋው ለይሁኔም ለእርሳቸውም እንዲደርስ ይለምናሉ። ማኅበሩም ይታያል እያለ ይመልሳቸዋል። ሰባት ዓመት ይታያል አልን፤ አላየንም።

በ፲፰፻፸፭ ከአልዩ አምባ የሸማኔዎች አለቃ ከአብዱልሀሚድ ጋር ተስማምተው አሥራ ሁለት ተማሪዎች ሽመና እንዲማሩ በሸማኔ ጉድጓድ አስቀመጡ። ተማሪዎቹ መጀመሪያ የሠሩት ጋቢ አንዱ ጫፉ ከሌላው በአንድ ስንዝር ይረዝም ነበር። ሸማኔዎቹ እስኪበቃቸው ስቀውበታል። መምህሩ ግን ይህንኑ ጋቢ አምስት ዓመት ለብሰው ኖሩ፤ የተቀበሩትም በእርሱ ነው።

በ፲፰፻፸፯ የእጅ ትምህርቱ በደብረ ብርሃን፣ በሰላ ድንጋይና በለሚ ተተከለ። መምህሩ በእግራቸው እየዞሩ፣ በየአገሩ ጉባኤ ቤትን ከባለ እጅ እያስማሙ፣ በብርድና በዝናብ ደክመዋል። ሲመለሱም እንዴት ከረሙ ብሎ የጠየቃቸው ከእኛ ወገን አልነበረም።

አሁን የዕረፍታቸውን ነገር እንናገር። ግንቦት ፲፪ ቀን በማኅበር ተቀምጠን ጽዋው በመዞር ላይ ሳለ ይሁኔ ከደብሩ በር ውጭ ቆሞ ተጣራ።

«መምህራችን ሐሙስ ቀሩብን፤ ደኅና ናቸው ወይ?» አለ።

እኛም አንገታችንን ሳናዞር፣ «አሉ፣ በደጅ በኩል ተቀምጠዋል» ብለን መለስንለት።

ይሁኔ ግን አልሄደም። ከቆመበት ሆኖ ቦታው ባዶ መሆኑን ነገረን። ዞር ብለን ብናይ ቅላቸው ተደፍቶ ተቀምጧል፤ እርሳቸው የሉም። ከጎጇቸው ስንደርስ ካረፉ ቀናት አልፈዋል። ታመው ውሃ ያቀበላቸው ሰው አልነበረም። መቅረታቸውን ያወቀው በራችን የተዘጋበት ሰው ነው፤ በአንድ ጣሪያ ሥር አብረናቸው ማኅበር የምንቀመጠው እኛ አላወቅንም።

በማግሥቱ እሑድ ሥርዓተ ቀብራቸው ተፈጸመ። አብዱልሀሚድ ከሸማኔዎቹ ጋር ዳገቱን ወጥቶ መጥቶ፣ ሸማ የሚማሩት ልጆች ከመምህሩ በኋላም ከእጁ እንደማይወጡ ቃል ሰጥቶናል። ይሁኔ መቃብሩን በገዛ ዶማው ቆፈረ። እኛም አለቀስን። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ቢሉን የሚገባን ነው።

ለእኅታቸው ለእመት አመተ ማርያም፣ በአራቱም ጉባኤ ቤት ላሉ ተማሪዎቻቸው፣ ለአልዩ አምባ ሸማኔዎች መጽናናትን እንለምናለን። ከሁሉ በፊት ግን እስከ ዛሬ በመዝገባችን «ይሁኔ ቀጥቃጭ» ስንለው የኖርነውን፣ ከዛሬ ጀምሮ አቶ ይሁኔ ብለን የምንጽፋቸውን ወዳጃቸውን፣ እግዚአብሔር ያጽናዎት እንላለን። ከእኛ ይልቅ ሐዘኑ የእርስዎ ነው።

ማኅበሩ ይህን ወስኗል። የባለ እጆች ልጆች ከነገ ጀምሮ በበሩ ገብተው ከጉባኤው መካከል ይማራሉ። የማክሰኞና የሐሙስ ትምህርት አይታጎልም። እስከ አርባው ድረስ ማኅበሩ ጽዋ አያነሣም፤ ከቀብራቸው ተቆጥሮ በአርባው ቀን፣ በሰኔ ፳፪፣ አቶ ይሁኔ ከነቤተሰባቸው በተዝካሩ ይቀመጣሉ፤ ጽዋውም ከእርሳቸው እጅ ይጀምራል። የመምህሩ ቅል ከደጅ በኩል አይነሣም።

ደግሞም ከእንግዲህ ጽዋው ከመነሣቱ በፊት የማኅበሩ አለቃ ቄስ ገብረአማኑኤል፣ ከእርሳቸውም በኋላ የሚሾመው ሁሉ፣ ወደ ደጁ ዞረው «የቀረ አለ ወይ?» ብለው እንዲጠይቁ፣ መልስ ሳያገኙም ማንም እንዳይጠጣ ሥርዓት ሠርተናል። ሰኔ ፳፪ ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ ሲጠየቅ መልሱን ሁላችንም እናውቀዋለን።