ጠዋት ኤክስፖርት፣ ማታ ኢምፖርት

የዘይነብ አባት ሆይ፣

አንተን ከሸኘን ወዲህ ሰሊጡ አንዴ ተዘርቶ፣ ታጭዶ፣ ገዢ አጥቶ ተከምሯል። እንዴት ነህ ብዬ አልጠይቅህም፤ ያለህበት ቦታ ቀረጥ የለምና ደህና መሆንህን ከዚያ አውቃለሁ።

ጋላባት እንዳለች ናት። ማዶ መተማም እንዳለች ናት። በመሀላቸው ያለው ኾር ክረምት ይሞላል፣ በጋ ይደርቃል፤ ከዚህ አገር መመሪያ ሳይጠብቅ ሥራውን የሚሠራው እሱ ብቻ ነው። ድልድዩ ግን ማዶ የሰሊጥ ዋጋ ጥሩ ሲሆን ይዘጋል፣ ዋጋው ሲወድቅ ይከፈታል። ተማክረው ነው እንዳልል አንደኛው ድልድይ፣ ሌላው ዋጋ ነው። ጎረቤታችን ዓም ኢድሪስ ሰሊጡን መጋዘን አስገብቶ በሩ ላይ መተኛት ጀምሯል። ሌባ ፈርቶ እንዳይመስልህ፤ ሌባም ቢሆን ከመጣ በስንት ትወስደዋለህ ብሎ ሊጠይቀው ነው።

እኔ በድልድዩ አፍ ሻይ በወተት እሸጣለሁ። ድልድዩ ሲዘጋ የጭነት መኪናው ይሰለፋል፣ ሹፌሩም ይጠማል። ወተቱ የዳልቻ ነው። ዘይነብ የምትማረውም፣ እኔ የማድረውም በዚያች ላም ጡት ነው። ስለዚህ የምነግርህን ነገር ቀልድ ነው ብለህ እንዳትንቀው።

በቅርቡ አዲስ መመሪያ መጣ። ከብት ያለ ፈቃድ ድንበር አይሻገር፣ ሴት ከብት ደግሞ ከነጭራሹ ከአገር አትውጣ ይላል። አርቢውን ለመጠበቅ ነው ተባለ፤ ከማን እንደሚጠብቁት ግን የነገረን የለም። ዳልቻን ታውቃታለህ፤ ጠዋት ኾሩን ተሻግራ ማዶ ትግጣለች፣ ማታ ተመልሳ እዚህ ትታለባለች። በመመሪያው መሠረት ጠዋት ኤክስፖርት፣ ማታ ኢምፖርት ሆነች። ሆዷ ኢትዮጵያ፣ ጡቷ ሱዳን።

አዲሱ የኬላ ኃላፊ፣ ሙዲሩ፣ አንድ ቀን ከግጦሽ ስትመለስ ይዞ የመንግሥት በረት አስገባት። ባለቤቷ ካልታወቀ በገበያ ቀን በጨረታ ትሸጣለች አለ። እኔም ለዒድ የገዛህልኝን ሰማያዊ ቶብ ተከናንቤ፣ ሰው መስዬ ቀረብኩ። ምልክቷን አሳዪ ተባልኩ። እዚህ ላይ ነው የአንተ ብልሃት ጉድ ያፈላብኝ።

ሌላው ሰው ላሙን አንድ ምልክት ተኩሶ ይለቃታል። አንተ ግን ማዶ እንዳይነኳት በቀኝ ታፋዋ የአጎትህን ጨረቃ፣ እዚህ እንዳይነኳት በግራ ታፋዋ የዓም ኢድሪስን ሁለት መስመር ተኮስክባት። የሁለት አገር ላም አለችኝ እያልክ ስንቱን እንግዳ አሰልችተሃል። ሙዲሩ ዞራት። በቀኝ ሲያያት ኢትዮጵያዊት፣ በግራ ሲያያት ሱዳናዊት፣ ከፊት ሲያያት ደግሞ ላም ብቻ ሆነችበት። የትኛውን ጎኗን ነው የምትጠይቂኝ አለኝ። ከተሰለፉት ሹፌሮች አንዱ ለእያንዳንዱ ታፋ የየራሱ ቀረጥ ይቆረጥላት ብሎ ሰልፉን ሁሉ አሳቀ።

ያን ጊዜ ዓም ኢድሪስ ከሰሊጡ በር ተነስቶ መጣ። ሰሊጡን ጥሎ የመጣበት ቀን ያ ብቻ ነው።

«ያ ሙዲር፣ ምልክት ይዋሻል፤ ጡት ግን አይዋሽም። ትለባት።»

ሙዲሩ ጫጫታው ሰልችቶት ነው መሰለኝ እሺ አለ። እኔም ቶቤን ሰብስቤ፣ ጣሳዬን ይዤ ቁጭ አልኩ። ዳልቻ ዞራ አየችኝና ጣሳውን በእግሯ አነጠረችው። አንስቼ ብመለስ ደገመችኝ። ሙዲሩ ክፉ ሰው አይደለም፤ አዝኖ ነበር የተናገረው።

«ያ ኻላ፣ አክስቴ፣ ላሟ አላወቀችሽም።»

አንተ ታውቀዋለህ፣ እሱ ምን ያውቃል? ጥጃዋ የሞተባት ጊዜ ሰው ሁሉ ቆዳውን ገፍፈህ፣ ገለባ ሞልተህ እንድትታለብ ፊቷ አቁም ብሎ መከረህ። አንተ ሰንፈህ የጀለቢያህን እጅጌ ጨው አስነክተህ አስላስካት። ከዚያ ወዲህ ያንን እጅጌ ሳትልስ ለማንም ወተት ለቃ አታውቅም። አንተ ካለፍክ በኋላ እኔ ነኝ የምለብሰው፤ ጨው መጨመር እንኳ አላስፈለገኝም፣ ላብህ በቂ ነበር። ግን በሙዲር ፊት በሟች ጀለቢያ መቅረቡ አሳፍሮኝ ትቼው መጥቼ ነበር።

ወደ ቤት ሮጥኩ። ልጅህ ዋላሂ ይሸታል እያለች፣ ሳሙናውን በአንድ እጅ፣ ጀለቢያህን በሌላው ይዛ ሳፋው አጠገብ ቆማለች። ውኃ ሳይነካው ነጠቅኳት። ከቶቡ በላይ ለብሼው፣ ጫፉ መሬት እየጠረገ ተመለስኩ። ያ ሹፌር፣ «ሓጅ፣ እንኳን በደህና መጡ» አለኝ። ሰልፉ እንደገና ሳቀ።

ዳልቻ ግን አልሳቀችም። አሸተተችኝ። እጅጌህን ከክርን እስከ ጫፍ ላሰችው፣ ከዚያም ወተቷን ለቀቀችው። ጣሳው ሲሞላ ሹፌሩ ኮፍያውን አወለቀ።

ሙዲሩ ጀለቢያው የማን እንደሆነ ጠይቆኝ የሟች ባሌ ነው ስለው፣ «ላሟ የሟች ናት። ሟች ደግሞ ድንበር እንዳይሻገር መመሪያ የለም። ውሰጃት» አለኝ።

እነሆ መመሪያው እንዳለ አለ፣ ድልድዩ ዝግ ነው፣ ዓም ኢድሪስም ወደ በሩ ተመልሷል። ዳልቻ ግን ጠዋት ትሻገራለች፣ ማታ ትመጣለች፤ ዘበኞቹ የሟቹ ላም መጣች ብለው ፊታቸውን ያዞራሉ። በዚህ ድንበር ሥራው ያልተስተጓጎለበት ነጋዴ አንተ ብቻ ነህ።

ዱዓህን አላቋረጥኩም፣ አላቋርጥምም። ሌላው ቃሌ ይኸው፦ ጀለቢያህን አላጥበውም። ዘይነብ ታኩርፍ፣ ጎረቤት አፍንጫውን ይያዝ። በየማታው ለብሼው ከጎኗ ስቀመጥ አንገቷን ወደ እኔ አዙራ ረጅም ትንፋሽ ታወጣለች። እሷ እስካሁን ያለህ ነው የሚመስላት። እኔ አልነገርኳትም፤ አልነግራትምም።

የዘይነብ እናት