ሦስተኛው መደብ

ሰኞ፣ ጥቅምት 14

ጠመንጃ አይደለም። ቅዳሜ ዕለት በነጠላ ጠቅልዬ ከጋሪ ያወረድኩት ረጅም ነገር አናጢው የሠራልኝ የእንጨት አካፋ ነው፤ ዳቦ ወደ ምድጃው የምገፋበት። የጠቀለልኩትም ለመደበቅ ሳይሆን የጋሪው ወለል ላይ ፋንድያ ስለነበረ ነው። ምግብ የሚነካ ዕቃ ፋንድያ ላይ አይጋደምም። ይኸው ነው።

ወሬውን የነገረችኝ ጎረቤቴ አዴ ፋጡማ ናት፤ ጎመን ስቀነጥስ በአጥሩ በኩል።

"ዘነቡ፣ ጠመንጃ ቀበረች እያሉሽ ነው።"

"ማነው ያለው?"

"ማን ያላለ አለ?"

የቀበርኩት መደቦቼ ሥር ነው ይላሉ። አራቱም ከፍ ብለው በድንጋይ ስለተከበቡ መቃብር ይመስላሉ አሉ። መደብ ከፍ የሚደረገው ይህ ጥቁር አፈር በክረምት ውኃ ቋጥሮ ሥር ስለሚያበሰብስ ነው። አዳሪ ትምህርት ቤት ሳለሁ የተማርኩት ነው። ያን ጊዜ መደቧን አጣማ የሠራች ልጅ መዳፏን በማስመሪያ ትመታ ነበር። እኔ የተመታሁት አንድ ጊዜ ነው፤ ከዚያ ወዲህ ያለ ሲባጎ መደብ ሠርቼ አላውቅም።

ፋጡማ "ሳቂ እንጂ፣ ምን ያኮሳትርሻል!" አለችኝ። አልሳቅሁም። ባለፈው ወር ከላይኛው ሰፈር አንድ ሰው ጣሪያው ውስጥ ጠመንጃ ተገኘበት ተብሎ ተወስዷል። ሚስቱ ስንቅ ታመላልሳለች። ስንቁን ይቀበሏታል፣ እሱን አያሳዩአትም።

የዛሬ ሥራ፦ ቀይ ሥሩን አሳሳሁ። ለውርጭ የሚሆን ገለባ ካሮቱ አጠገብ ከመርኩ። እርሾው ላይ ዱቄት ጨመርኩ፤ ብርዱ አስንፎታል። አዲሱ አካፋ ጥሩ ነው፣ እጀታው ግን ትንሽ ይሻክራል። አናጢውን እነግረዋለሁ።

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 15

ቀበሌ ስብሰባ ተጠራን። ካድሬው ከሌላ ክፍለ ሀገር ተመድቦ የመጣ ወጣት ነው። ድምፁ ያምራል፤ ዓረፍተ ነገር ግን ጀምሮ አይጨርስም።

"በመካከላችን ያሉ የቀድሞ ባለ መሬት ርዝራዦች፣ መሣሪያ ቀብረው ጎመን የሚያለብሱ..." አለ።

ሰው ሁሉ ወደ እኔ ዞረ። ዝም ብል ይሻል ነበር። ተነሣሁ።

"ጓድ፣ እኔን ማለትዎ ከሆነ በስሜ ይጥሩኝ። ዘነበች እባላለሁ። ግቢዬ ውስጥ ጠመንጃ የለም። ካላመናችሁ ቆፍራችሁ እዩ።"

ፈገግ አለ። "መልካም፣ እማማ። እንግዲህ የጠሩን እርስዎ ነዎት። ሐሙስ እንመጣለን።"

ሰው ሳቀ። ቀና ብዬ ወጣሁ። እስከ ቤቴ ድረስ ቀና እንዳልኩ ነበርኩ። ፋጡማ ደጄ ላይ ደረሰችብኝ።

"ምላስሽ ይቆረጥ! ሰው በገዛ አፉ ዶማ ይጠራል?"

"ምን አለበት? የለማ።"

"የጋሼ ደምሴስ?"

ከዚያ ወዲህ እህል በአፌ አልዞረም።

ባለቤቴ ደምሴ ጠመንጃ ነበረው፤ ከአባቱ የወረሰው። ራስጌው ካለው ችካል ላይ ይሰቅለው ነበር። እሱ ሲሞት ችካሉ ባዶ ነበር። በኀዘን ላይ ስለነበርኩ አልጠየቅሁም፤ ኋላም የምጠይቀው ሰው አልነበረም። መሣሪያ አስረክቡ የሚለው አዋጅ ሲመጣ የለኝም አልኩ። እውነት ነበር፤ አልነበረኝም። የት እንዳለ ግን አላውቅም ነበር፤ ዛሬም አላውቅም።

ይህን ጻፍኩት። ሌላም የምጽፈው አለ፤ እጄ ግን እምቢ ብሏል። ነገ።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 16፣ ጠዋት

ልጻፈው።

ሦስተኛውን መደብ የሠራው ደምሴ ነው። ከመታመሙ በፊት ባለው በጋ፣ በገዛ እጁ። ደምሴ ባርኔጣው ከወደቀ የሚያነሣለት ሰው የሚጠራ ሰው ነበር፤ ዶማ በእጁ ይዞ አይቼው አላውቅም። ያን ጊዜ ግን እጀ ጠባቡን ሰብስቦ ሳምንት ሙሉ ቆፈረ። ሠራተኛ ላምጣልህ ስለው እምቢ አለ። እኔንም ከአጠገቡ አባረረኝ። ሲጨርስ "ከአንድ ክንድ በታች አትቆፍሪ፤ ድንጋይ ነው" አለኝ።

አልቆፈርኩም። ሥሩ የማይጠልቀውን ብቻ ተከልኩበት፤ ሰላጣ፣ ነጭ ሽንኩርት። ለማኅበር ጓደኞቼ እጁ ላይ ውኃ የቋጠሩትን ቁስሎች ቆጥሬ ነግሬአቸዋለሁ። ከደምሴ ጋር በኖርኩበት ዘመን ሁሉ ለእኔ ብሎ የሠራው ሥራ እሱ ብቻ ስለሆነ ይሆናል።

አሁን ተቀምጬ የማስበው ይህን ነው፤ የቆፈረው ለእኔ ነው ወይስ ለጠመንጃው?

ነገ ይመጣሉ። ጠመንጃው እዚያ ካለ፣ እኔ ሳላገኘው እነሱ ሊያገኙት ነው። "የለም፣ ቆፍሩ" ብዬ በሰው ሁሉ ፊት ተናግሬአለሁ። ከላይኛው ሰፈር የተወሰደው ሰው እንኳ እንዲህ አላለም።

ያው ዕለት፣ ከቀትር በኋላ

ቆፈርኩ።

መንገደኛ ቢያይ ነጭ ሽንኩርት የምተክል እንዲመስል ቅርጫቱን አጠገቤ አኖርኩ፣ ሲባጎም ወጠርኩ። ወገቤ ተቆረጠ። አንድ ክንድ ስደርስ ዶማው ጮኸ። ቁጭ አልኩ።

አፈሩን በእጄ ጠረግሁት። ጠፍጣፋ ድንጋይ፣ አጠገቡ ሌላ ጠፍጣፋ ድንጋይ፤ እንደ ወለል የተገጠሙ ናቸው። በብረት ፈንቅዬ አነሣሁ። ሥሩ ጠጠር ነው። ጠጠሩን ዛቅሁ። ከሥሩ የታጠበ የወንዝ አሸዋ። ከአሸዋው ሥር ማንም ያልነካው አፈር። ከዳር እስከ ዳር በብረት ወጋሁት።

ምንም የለም።

አንድ ማታ፣ ደምሴ ግማሽ እንቅልፍ ይዞት ሳለ፣ ውኃ እንዲያልፍ ከታች ትልልቅ ድንጋይ፣ ከዚያ ጠጠር፣ ከላይ አሸዋ መደረግ እንዳለበት ነግሬው ነበር። "እሺ፣ እሺ" አለ። አልሰማኝም ብዬ ነበር። ሰምቶኛል። ግን ገልብጦ ሠራው፤ ድንጋዩ ከላይ፣ አሸዋው ከታች። አዳሪ ትምህርት ቤት ቢሆን በማስመሪያ ይመታ ነበር።

ጉድጓዱ ውስጥ ተቀምጬ ሳቅሁ። ሳቅ ብቻ አልነበረም።

ደስታዬ ፋጡማ አንገቷን በአጥሩ በኩል እስክታወጣ ድረስ ብቻ ቆየ።

"ዋዬ! ዘነቡ! ነገ ሊመጡ አንቺ ዛሬ ትቆፍሪያለሽ? ትኩስ አፈር ሲያዩ ምን ይላሉ? ትናንት ማታ አወጣችው ነው የሚሉት!"

ይህን ማሰብ ነበረብኝ። አላሰብኩም። አፈሩን መለስኩ፣ ውኃ አጠጣሁ፣ ገለባ በተንኩበት፤ ያው ትኩስ አፈር ነው። ድንጋዮቹ ከባድ ስለሆኑብኝ ዳር ላይ እንደተከመሩ ቀሩ።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 17

ሊጡን ሌሊት አቡክቼ ስለነበር፣ ይምጡም አይምጡም፣ ምድጃውን አነደድኩ። ሊጥ ካድሬ አይጠብቅም። ዳቦውን ገና እንዳስገባሁ መጡ፤ ካድሬው፣ ሦስት አብዮት ጠባቂዎች፣ ከእነሱም አንዱ ቶሎሳ፣ የታችኛው ሰፈር ጋሪ ነጂ ልጅ። አሁን ትልቅ ሰው ነው፤ ጠመንጃ ይዟል።

አንደኛው አካፋውን አንሥቶ ወደ ጓደኛው አነጣጠረ። "ይኸው ጠመንጃው! ጥይቱ ዳቦ ነው!" ሳቁ። ካድሬው አልሳቀም።

አንደኛውን መደብ ገለበጡት። ካሮቱ ገና ጣት ነበር። ሁለተኛውን፣ ጥቅል ጎመኑን ረግጠው። ምንም። ሦስተኛው ጋ ሲደርሱ ካድሬው እጁን አነሣ፤ ሁሉም ቆሙ።

"ይህን ማን ቆፈረው?"

"እኔ።"

"መቼ?"

"ትናንት።"

"ለምን?"

የሽንኩርቱ ቅርጫት እዚያው ነበር። ለመትከል ነው ማለት ብቻ ነበር የሚጠበቅብኝ። አፌ እምቢ አለ።

"ጠመንጃ ስፈልግ" አልኩ።

"ስለዚህ ጠመንጃ ነበረ!"

"ባለቤቴ ነበረው። የት እንዳደረሰው አላውቅም።"

"ማክሰኞ በሕዝብ ፊት የለም ብለዋል!"

"ግቢዬ ውስጥ የለም ነው ያልኩት። አሁንም የለም፤ ይኸው ቆፍሩት።"

ቆፈሩት። የወንዙን አሸዋ ዝቀው፣ ከእኔ ብረት በታች ድረስ ወረዱ። ምንም። ካድሬው ግን ከእንግዲህ መሬቱን አያይም፤ እኔን ነበር የሚያየው።

"ትናንት አውጥተውታል። ወዴት እንደላኩት እዚያ ይነግሩናል። ነጠላዎን ይልበሱ፣ እማማ።"

ቶሎሳ አንድ እርምጃ ወደ እኔ መጣ። ነጠላዬ የት እንዳለ ጠፋኝ። ትከሻዬ ላይ ነበር።

"ኧረ ቆዩ!" ፋጡማ ናት፤ በአጥሩ ቀዳዳ ገብታ መጣች፣ ሻሿ ተንሸራቶ። "ጋሼ ደምሴ በሞተበት ዓመት፣ ሐምሌ ላይ፣ ጠመንጃውን አንግቶ ሲወጣ አይቻለሁ። ባዶ እጁን ተመለሰ። ጢቾ ወስጄ ለዘመድ ሰጠሁት ብሎ ለኔ ባል ነገረው። ኢጀ ኪያን አርጌ! በዚህ በዓይኔ!"

"እስካሁን ለምን ዝም አልሽ?"

"ማን ጠየቀኝ? ሴቲቱን እንጂ ጎረቤቷን ጠይቃችኋል?"

አንዱ ጠባቂ ሳቀ። በዚያ ሐምሌ ደምሴ ማንኪያ እንኳ ራሱ አይዝም ነበር። ወደ ሐኪም ቤት የሄደው በቃሬዛ ነው፤ የተመለሰውም በቃሬዛ። ከተሸከሙት አንዱ ቶሎሳ ነበር።

ካድሬው ዞሮ የጠየቀው እሱን ነው። "አንተ የሰፈሩ ልጅ ነህ። እሷ የምትለው እውነት ነው?"

ቶሎሳ የተከመሩትን ድንጋዮች አየ።

"ጋሼ ደምሴ ጢቾ ዘመድ ነበራቸው" አለ።

ይህ ሐሰት አይደለም። አንድ ቃል ሐሰት የለበትም።

ካድሬው ነገ ጠዋት በሦስት ሰዓት እኔና ፋጡማ ቀበሌ ቀርበን ቃላችንን ሰጥተን እንድንፈርም አዘዘ። "ቃላችሁ ካልገጠመ ወደ ቤት መመለስ የለም" አለ። ሄዱ። አራተኛውን መደብ አልነኩትም፤ የረሱት ይመስለኛል።

ዳቦው አረረ። የታችኛው ቅርፊት ከሰል ሆነ።

ፋጡማ ምድጃው አጠገብ ተቀምጣ ያረረውን በቢላ ትፍቃለች።

"ሐምሌ ላይ እኮ አልጋ ላይ ነበር" አልኳት።

"አውቃለሁ። ቸኮልኩ። ሰኔ ማለት ነበረብኝ?"

"ሰኔም ታሞ ነበር።"

"እንግዲያ እዚያው ፊታቸው ለምን አላረምሽኝም? ሰው ማረም ትወጃለሽ!"

የሰው ስሕተት በዝምታ ያለፍኩበት ጊዜ ካለ አላስታውስም። ዛሬ አለፍኩ። ነገ ግን በዝምታ የሚታለፍ አይሆንም፤ ይጠይቁኛል፣ በአፌ መመለስ አለብኝ፣ በእጄ መፈረም አለብኝ። ካረምኳት እሷም እስር ቤት ትገባለች። ካላረምኳት ሁሉም ነገር ቶሎሳ አፍ ላይ ነው፤ ቶሎሳ ደግሞ ማታ ከማን ጋር እንደሚያመሽ አላውቅም።

ነገ በመጀመሪያ የምሠራው፦

ከተረፈው ካሮት ላይ ገለባውን ፀሐይ ስትወጣ ማንሣት፤ ከዚያ በፊት አይሆንም።

አንድ ዳቦ መጋገር፤ ጾም ስለሆነ ያለ ወተት፣ በጥቁር አዝሙድ። ለፋጡማ። ለቶሎሳ አልልክም፤ ጉቦ ይመስላል፣ እሱንም ያስጠረጥረዋል።

የደምሴን ድንጋዮች መመለስ ካልቻልኩ እንኳ ዝናብ እንዳይመታቸው መሸፈን። ስመልሳቸው እሱ እንደገለበጣቸው ነው የምመልሳቸው።

ንጹሕ ነጠላ።

ከሁሉም በፊት ግን፣ እሳቱን ሳላነድድ፣ ፋጡማን በአጥሩ በኩል ጠርቼ እንደ ትምህርት ቤት ልጅ አስደግማታለሁ፤ ቀኑን፣ መንገዱን፣ ባሏ ምን እንዳለ። ወሩ ሐምሌ ነው። ብጠየቅ እኔም ሐምሌ እላለሁ።