ለእማዬ ያልተነገረው መርዶ

እህቴ ጥሩዬ፣

ከተለየሽን ክረምቱ ወጥቶ፣ መስቀል አልፎ፣ ገና አልፎ፣ ጥምቀትም አለፈ። በአርባሽ ዕለት ልጽፍልሽ ወረቀት አውጥቼ ነበር። «እንደምን ከርመሻል» ብዬ ጀመርኩና እጄ ቆመ። ለሞተ ሰው ምን ተብሎ እንደሚጀመር ማንም አላስተማረኝም፤ አንቺም ደብዳቤ መጻፍ ስታለማምጂኝ ለሕያው ሰው ብቻ ነበር የምታጽፊኝ። አሁን ግን ሳልነግርሽ መቆየት አልቻልኩም። እማዬ የአባዬን ነገር አወቀች።

ቤቱ እንደተውሽው አይደለም። እማዬ አልጋሽን ወደ ጓዳ አስገብታ እህል አስቀመጠችበት፤ ብዙም ሳትቆይ መልሳ አወጣችው። አሁን ባዶውን በሩ አጠገብ ቆሟል፤ ስንገባ ስንወጣ እግራችንን ይመታናል፣ ግን ማንም አያነሣውም። ግድግዳው ላይ የለጠፍሽውን ካርታ እርጥበት በላው። ተማሪዎችሽ መጀመሪያ ሰሞን እሑድ እሑድ ይመጡ ነበር። ያቺ ጥርሰ ፍንጭቷ «እትዬ ጥሩወርቅ ስትናደድ ጠመኔውን ነበር የምትሰብረው እንጂ እኛን ነክታን አታውቅም» ብላ እማዬን ፈገግ አሰኘቻት። ኋላ እነሱም ቀሩ።

ሆስፒታል ተኝተሽ የነገርሽኝን በትክክል ይዤው እንደሆነ ልድገምልሽ። ብሳሳት የሚያርመኝ ሰው ስለሌለ እፈራለሁ። እማዬ እኔን ልትወልድ ሱሉልታ እናቷ ቤት ሄዳ ነበር፤ አንቺና አባዬ የካ ቀራችሁ። በዚያ የካቲት ጣሊያኖች ከተማው ውስጥ ሰው መፍጀትና ቤት ማቃጠል ሲጀምሩ፣ አባዬ በትከሻው ተሸክሞሽ እንጦጦን አቋርጦ ወደ እማዬ ሊያደርስሽ ተነሣ። ከየካ ሚካኤል በላይ ካለው ሸለቆ ስትደርሱ ጥቁር ሸሚዝ ለባሾቹ ጣሊያኖች ከኋላ ደረሱባችሁ። የባሕር ዛፍ ቅርንጫፍ ክምር ሥር ሸጎጠሽና «ዐይንሽን ጨፍኚ» አለሽ። አንቺ አልጨፈንሽም። የሰባት ዓመት ልጅ ነበርሽ።

በማግስቱ ከሸለቆው ወጥተሽ ትልቁ መንገድ ላይ ብቻሽን ስትሄጂ ያገኙሽ ጎረቤታችን ኦቦ ቶላ ናቸው። ሱሉልታ አድርሰውሽ፣ ከደጃፉ ሳትገቢ ጎንበስ ብለው በጆሮሽ መከሩሽ። እናትሽ ነፍሰ ጡር ናት፣ ለነፍሰ ጡር መርዶ አይነገርም፣ ጽንሱ ይጠፋል፤ አባቴ ጫካ ገባ፣ አርበኛ ሆነ በያት አሉሽ። እስክትወልድ ብቻ ነበር ነገሩ። እኔ ተወለድኩ። ያኔ ደግሞ ጣሊያን ለገደለው ሰው ማልቀስ የሚያስቀጣበት ጊዜ ነበር። ጣሊያን ሲወጣ፣ አርበኞች ከየጫካው ሲገቡ፣ እማዬ መንገድ ዳር ቆማ የእያንዳንዱን ፊት እያየች ጠበቀች። ያን ከመሰለ ጥበቃ በኋላ ማን ደፍሮ ይንገራት? ሱዳን ተሰዶ ይሆናል አሏት፤ ታሞ ይሆናል አሏት። በእኔ ምክንያት ለጥቂት ሳምንት የተያዘ መርዶ የእኔን ዕድሜ ያህል ቆየ።

ቅዳሜ ቅዳሜ ጭራሮ ልንለቅም እንጦጦ ስንወጣ በሸለቆው አቋራጭ ሄደሽ አታውቂም። በትልቁ መንገድ ዞረን፣ ላብ በላብ ሆነን ነበር የምንደርሰው። «አስተማሪዋ ጅብ ትፈራለች» እያልኩ ሳሾፍብሽ፣ «አዎ እፈራለሁ፤ አንተ ጀግናው ቅደም» ትይኝ ነበር። እማዬም እየሰማች «አባትሽ ሲመጣ ይቺን ፈሪ ምን ሊያደርጋት ነው» ስትል አብረሽን ትስቂ ነበር። እንዴት መሳቅ እንደቻልሽ አይገባኝም። እያሰብኩት ክፍል ውስጥ ስሜ ሲጠራ አልሰማም።

ማዳም ሩት ቀብርሽ ላይ ነበሩ። ያን የምታውቂውን ጥቁር ኮታቸውን ለብሰው ከሴቶቹ ኋላ ቆሙ፤ እንደኛ ማልቀስ ስለማያውቁ ይመስለኛል፣ የእማዬን ነጠላ ጫፍ ብቻ ይዘው ቆዩ። ፈረንሳይኛ ሲያስተምሩሽ ስለ ራሳቸው አይናገሩም ነበር ብለሽኛል። ናዚዎች አውሮፓ ውስጥ አይሁዶችን ሲፈጁ እናታቸውንም ወንድሞቻቸውንም እንዳጡ፣ መቃብራቸውን እንደማያውቁ የነገሩሽ አንቺም መምህር ከሆንሽ በኋላ ነው። ወገኖቻቸው ባቆሙት አዲስ አገር፣ መንግሥት በሕግ አንድ መሥሪያ ቤት እንዳቋቋመ፣ ሥራውም የተፈጁትን ሰዎች ስም መሰብሰብና የሆነውን ለልጆች ማስተማር እንደሆነ የሰማሽ ቀን፣ ጫማሽን ሳታወልቂ አልጋው ላይ ተቀምጠሽ ስታወሪኝ ትዝ ይለኛል። «እኛስ?» አልሽኝ። «በዓመት አንድ ቀን አበባ ይቀመጣል፣ ከዚያ ሁሉም ወደ ቤቱ። ተማሪዎቼን ስጠይቃቸው አያታቸው የት እንደወደቀ የሚያውቅ የለም። የሚያውቁትም እያረጁ ነው።»

እንደዚያ ያለ መሥሪያ ቤት ለእኛም ይቋቋምልን ብለሽ ማመልከቻ ያስገባሽው በዚያው ሰሞን ነው። አንዱ ሹም «ጃንሆይ ይቅር ብለዋል፤ እናንተ ምን ቆርጧችሁ ትቆሰቁሳላችሁ?» ሲልሽ፣ «ጌታዬ፣ ይቅር የሚባለው ለማን ሞት እንደሆነ እንወቅ ነው ያልነው» ብለሽው እንደወጣሽ በኩራት ነግረሽኛል። ሳልሽ እያቋረጠሽ ነበር የምታወሪው። እኔ ጉንፋን መስሎኝ ነበር።

ከሞትሽ በኋላ ማመልከቻሽ የት እንደደረሰ ልጠይቅ ሄድኩ። ጸሐፊው መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ፣ አመልካቿ ስለሞተች ጉዳዩ ይዘጋል አለኝ። እኔ ልተካ አልኩት። «ዕድሜህ አልደረሰም፣ ወንድሜ። አባታችሁ ያን ጊዜ ነው የተገደለው? ሚስቱ በሕይወት አለች? እንግዲያው እሷ ከጥምቀት በፊት መጥታ፣ ባሌ በዚያን ቀን ተገድሏል ብላ ትፈርም፤ በእሷ ስም ይቀጥላል።» ይህን ያለኝ ቀላል ነገር አድርጎ ነው፤ ደግ ሰው ይመስላል። ከዚያ ወጥቼ ስሄድ ቤታችንን አልፌ ላምበረት ድረስ መሄዴ አልታወቀኝም።

አየሽ ጥሩዬ፣ ያንቺ ማመልከቻ እንዲኖር እማዬ ባሏን ማጣት ነበረባት። አንቺን ገና አፈር ያለበሰች ሴት። ዝም ብል ያንቺ ድካም ይጠፋል፣ ብናገር እሷ ትጠፋብኛለች እያልኩ ሰነበትኩ። የምጠይቀው ሰው አንቺ ብቻ ነበርሽ።

በመጨረሻ ኦቦ ቶላ ጋ ሄድኩ። «በልጇ ላይ ባሏን ልጨምርባት? ምነው ልጄ፣ እኔን አስቀድመህ ቅበረኝና ንገራት» አሉኝ። እየተመላለስኩ አስጨነቅኋቸው፤ ሲያዩኝ በጓሮ መውጣት ጀምረው ነበር። አንድ ቀን ግን ራሳቸው ደጃችን ድረስ መጥተው ወደ ውጭ ጠሩኝ። «የዋሸው የእኔ አፍ ነው። የእኔው አፍ ይንገራት» አሉ።

እንደ ወጉ ሊነጋ ሲል መጡ፤ እሳቸው፣ የነፍስ አባታችንና ሌሎች ሽማግሌዎች። እማዬ በሩን ከፍታ በዚያ ሰዓት ተሰልፈው ስታያቸው ለመርዶ እንደመጡ ወዲያው ገባት። መጀመሪያ ያደረገችው ነገር ዞር ብላ የእኔን ክንድ መያዝ ነበር። «ልጄ ይኸው አጠገቤ ነው» አለቻቸው። «ሌላ ማን አለኝና መጣችሁ?»

ኦቦ ቶላ ነገሯት። አልጮኸችም።

«ቶላ፣ በየዓመቱ ሚካኤል ቤቴ በልተሃል። ጠላ በቀዳሁልህ ቁጥር ወሬው ተሰማ ወይ እያልኩ ጠይቄሃለሁ።»

«ጠይቀሽኛል።»

«ምን ትለኝ ነበር?»

«አይዞሽ እልሽ ነበር» አሉና ሽማግሌው ፊታቸውን በጋቢያቸው ሸፈኑ።

ከዚያ ማን አየ ብላ ጠየቀች። የጮኸችው ያንቺ ስም ሲጠራ ነው። መንደሩ በሙሉ በዚያ ጩኸት ተነሣ። «ያቺ ልጅ ይህን ይዛ ነው ያደገችው? ፀጉሯን ስሠራት ጭኔ ላይ የምትተኛው ይህን ይዛ ነው?» እያለች ደረቷን መታች። ሊይዟት የመጡት ሴቶች ለማን እንደምታለቅስ አላወቁም፤ አንዷ ያንቺን ስም፣ አንዷ የአባዬን ስም እየጠሩ አስለቀሷት። እኔም አላወቅሁም።

ሲሻላት ሸለቆውን አሳየኝ አለችኝ። ወሰድኳት። ጥሩዬ፣ ቦታውን አላገኘሁትም። ያን ጊዜ የነበረው ዛፍ ተቆርጦ ሌላ በቅሏል፤ አንቺ ከነገርሽኝ ጋር የሚመሳሰል ነገር አልነበረም። የቱ ጋ ነው ስትለኝ አላውቅም አልኳት። አንድ ቦታ ቆማ ማልቀስ ስላልቻለች ሸለቆውን ከላይ እስከ ታች እያለቀሰች ሄደችው። ከኋላዋ እየተከተልኩ አንቺን ተቆጣሁሽ። አንድ ቀን እንኳ በዚያ አቋራጭ ብትወስጂኝ ምን ነበረበት ብዬ ተቆጣሁሽ።

ለጥምቀት ጥቂት ሲቀረው መሥሪያ ቤቱ ሄድን። ጸሐፊው ወንበር ስቦ አስቀመጣት። የሟች ስም ሲላት «ጥሩወርቅ» አለችው። ጽፎ ከጨረሰ በኋላ አስተዋለ።

«እናቴ፣ ይህ የአመልካቿ ስም ነው። በጣሊያን ጊዜ የሞቱትን ነው የምጠይቅዎት።»

«ገብቶኛል። ሁለቱንም ጻፍ።»

«እሷ እኮ ባለፈው ክረምት በበሽታ ነው ያረፈችው። ልጅዎ ነግሮኛል።»

«ያን ቀን ከቅርንጫፉ ሥር አልወጣችም» አለችው እማዬ። «እኔ ነኝ ወጥታለች ብዬ ሳሳድጋት የኖርኩት።»

ጸሐፊው ወደ እኔ አየ። ያንቺን ስም በአንድ መስመር ሰርዞ የአባዬን ጻፈ። እማዬ መስመሩን እያየች አውራ ጣቷን ቀለም ነክራ አተመች። ለበላይ ቀርቦ ይታያል ተባልን። እስካሁን እየታየ ነው። በሄድኩ ቁጥር ነገ ተመለስ ይሉኛል፤ በቀደም ደግሞ ያ ጸሐፊ ወደ ሌላ ክፍል ተዛውሯል አሉኝ። የታሪክ መምህራችን ስለዚያ የካቲት እንዲያስተምሩን ብጠይቃቸው፣ ፈተና ላይ አይመጣም አሉ። አንቺ ብትሆኚ መልስ ታገኚ ነበር። እኔ ቁጭ አልኩ። ምን እንደማደርግ አላውቅም፣ ጥሩዬ፤ ከልቤ አላውቅም።

እማዬ አሁን የምታዋራኝ ስለዚያ ቀን ብቻ ነው። ምን ለብሶ ነበር አለችህ? ስሜን ጠራ ወይ? ሲሸከማት ያነክስ ነበር ወይ? ያንቺን ቃል ነግሬአት ከጨረስኩ ቆየሁ፤ ከዚያ ወዲያ የማውቀው የለም። አንዳንዴ የምትወደውን ነገር ጨምሬ፣ አዎ ስምሽን ጠርቷል ልላት ይዳዳኛል። አልልም። እሱን እንዳላደርግ ለአንቺ ቃል እገባለሁ። አንቺ ያየሽውን እንዳየሽው፣ ሳልጨምርና ሳልቀንስ እይዘዋለሁ። መሥሪያ ቤቱ ከተቋቋመ ወስጄ አስረክባቸዋለሁ። ካልተቋቋመ እኔ ዘንድ ይቆያል፤ ልጅ ብወልድ ለልጄ እነግራለሁ፣ ሰባት ዓመት ግን ካለፈው በኋላ።

ዛሬ ጠዋትም ጠይቃኝ ነበር። ነገርኳት። ነገም ስትጠይቀኝ እነግራታለሁ።

ወንድምሽ ተፈራ