ያልመሰከርኩለት ጎረቤት

ይድረስ ለምወድዎና ለማከብርዎ አባቴ፤

እንደምን ከርመዋል? ጉልበትዎ እንዴት ነው? ዳገት ሲወጡ የሚያጥርዎ ትንፋሽስ ተሻለዎት? እናቴስ ዓይኗን ታከመች ወይ? እኔ በሕይወት አለሁ፤ ክንዴም ድኗል። ደህና ነኝ ብዬ ልጽፍልዎ ግን እጄ እምቢ አለኝ።

ልብስ ማጠቢያው ቤት የእንፋሎት መተኮሻው ቀኝ ክንዴን እስከ ክርኔ እንደላጠኝ ጽፌልዎት ነበር፤ ማን እንዳስታመመኝ ግን ደብቄዎታለሁ። የማኅበራችን ሰዎች መጥተው ነበር። ሽማግሌያችን በሩ ላይ ቆመው "እግዜር ይማርህ፤ ጸሎቱ እንዳያልፈን" ብለው ወረዱ። ያስታመመኝ ፊት ለፊቴ የሚኖር ጫማ ሰፊ ነው። ወገኑን ብነግርዎ ይደነግጣሉ፤ አጎቴን ከገደሉት፣ በቤታችን ስማቸው ከማይነሣው ሰዎች ነው። ዓመት ሙሉ ኮሪደር ላይ ስንተላለፍ ፊቴን አዞርበት ነበር።

እሱ ግን ሳቃስት ሰምቶ ገባ። ሃያ ሦስት ቀን ቁስሌን አጠበ፣ በማንኪያ አጎረሰኝ፣ የሸሚዜን ቁልፍ ቆለፈልኝ። ስጮህ "አይዞህ፣ ከዚህ የባሰ የተላጠ ጫማ ሰፍቻለሁ" እያለ ያስቀኝ ነበር።

በሃያ አራተኛው ቀን ጠዋት አከራያችን ትናንት እኩለ ቀን ላይ ወርቄ ተሰረቀ ብላ ጮኸች። ተከራዩ ሁሉ ግቢ ወጥቶ ጣቱን እሱ ላይ ቀሰረ። የት ነበርክ ሲሉት "እሱ ዘንድ" ብሎ ወደኔ አየ። እውነቱን ነው አባቴ፤ በዚያ ሰዓት ፋሻዬን እየቀየረልኝ ነበር። ያን ጠዋት ብቅ ያሉት ሽማግሌያችን ግን አጠገቤ ቆመዋል፤ ሥራ ያስገቡኝም እሳቸው ናቸው። ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው "ለእነሱ ሰው ልትመሰክር ነው?" አሉኝ። እኔም "ተኝቼ ነበር፤ ማንም ሲገባ አላየሁም" አልኩ። አከራይዋ ፖሊስ ጠራች። ፖሊሶቹ ክንዱን ይዘው ሲወስዱት ዞር ብሎ "ውሃ እንዳታስነካው" አለኝ።

አራት ቀን ፈርቼ ተቀመጥኩ። በአምስተኛው ፖሊስ ጣቢያ ሄጄ ከግቢያችን ስለተወሰደው ጫማ ሰፊ እውነቱን ብናገር፣ ተረኛው መዝገብ ገልጦ "ተዛውሯል" አለኝ። ወዴት ብል የሚያውቅ ጠፋ። ሁለት እስር ቤት ሄጄ ደጅ ጠናሁ፤ እንዲህ ያለ ጫማ ሰፊ የለም ተባልኩ። ወርቁ የአከራይዋ የገዛ ወንድሟ ኪስ ውስጥ ተገኘ፤ ማንም ግን አላፈረም። ክፍሉንም ሌላ ሰው ተከራይቶታል።

በሰንበት ሲያስተምሩን ካህኑና ሌዋዊው ገለል ብለው እንዳለፉ፣ ሳምራዊው ግን እንዳዘነለት ነግረውናል። የቆሰለው ሰው ከዳነ በኋላ ምን እንዳደረገ ወንጌሉ አይነግረንም። እኔ ያደረግሁትን ግን ይኸው ነገርኩዎ። ንስሐ ግባ ይሉኝ ይሆናል፤ ይቅር በለኝ የምለውን ሰው ከየት ላምጣው?

ታናሽ እህቴን ይሳሙልኝ። የአጎቴን ሚስት እጅ ነስቷል ይበሉልኝ፤ ይህን ደብዳቤ ግን አያንብቡላት። እናቴ በጸሎቷ እንድታስበው ስሙን ልጽፍላት ብዬ ብዕሬን እንደያዝኩ ቀረሁ። ስምህ ማነው ብዬ ጠይቄው አላውቅም።

ልጅዎ
ከሦስተኛ ፎቅ ክፍሌ፣ ኅዳር 17 ቀን