ፀሐይ ለማይወዱት ጥቁር ጠመንጃዎች የቀረበ ምስጋና

ለተከበሩ የመዝናኛ ሥራዎች ፈቃድ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ፤
ባሉበት።

ከሁሉ አስቀድሜ እርስዎም፣ ቤተሰብዎም፣ የሚቀመጡበት ወንበርም እንደምን ሰንብታችኋል? ጤናዎ የተሟላ፣ እንቅልፍዎ የሰመረ፣ የቢሮዎ መጋረጃም እንደ ልማዱ የተዘጋ እንዲሆን እመኛለሁ። እኔ ከመጋዘኖቹ ጀርባ ባለው ሜዳ የሌዘር ጨዋታ የምታጫውተው ሴት እናት ነኝ። ፊደል የቆጠርኩት ፀጉሬ ከሸበተ በኋላ በማታ ትምህርት ስለሆነ እጄ ቀስ ይላል፤ ይሁን እንጂ እርስዎን የመሰለ ሰው የሚጻፍ ነገር ስላበዛልኝ መማሬ ከንቱ አልቀረም። ደብዳቤውን ለሁሉ ግልጽ ያደረግኩት ቀደም ሲል ለብቻዎ የጻፍኳቸው ከጸሐፊዎ ጠረጴዛ ማለፍ ስላልሆነላቸው ነው። ብዙ ሰው ሲያነበው ምናልባት አንዱ ይነግርዎት ይሆናል።

ጨዋታውን ለማያውቅ አንባቢ ባጭሩ ላስረዳ። ተጫዋቾች ሰደርያ ለብሰው፣ የጨዋታ ጠመንጃ ይዘው፣ በርሜልና አሮጌ ጎማ ጀርባ እየተደበቁ ይተኳኮሳሉ። ጥይት የለም። ከጠመንጃው በዓይን የማይታይ ጨረር ይወጣል፤ ጨረሩ የሌላውን ሰደርያ ሲያገኝ ሰደርያው ይጮኻል፣ መብራቱም ይበራል። ሰው ስቆ፣ ልብሱን አቧራ አልብሶ ወደ ቤቱ ይሄዳል። ይኸው ነው። አሁን ወደ ምስጋናዬ ልመለስ።

አንደኛ፤ ልጄ ዕቃ ስትመርጥ የሠራችውን ስህተት ስላረማችሁልን አመሰግናለሁ። ምስኪን ልጄ ሥራው ሜዳ ላይ ስለሆነ ዕቃውም ሜዳ ላይ መሞከር ያለበት መስሏት ነበር። ሻጩን በቀትር ፀሐይ ከሱቁ አስወጥታ፣ እኔን በዚህ ዕድሜዬ ሰደርያ አልብሳ ወዲያና ወዲህ አስሮጠችኝ። በርሜል ጀርባ ስንበረከክ ጉልበቴ ጮኸ፤ ሰደርያውም ጮኸ፤ ሻጩ የትኛው እንደጮኸ መለየት አቅቶት ሆዱን ይዞ ሳቀ። ካየቻቸው ሁሉ የመረጠችው ቢጫ ፕላስቲክ የሆኑትን ነው። ጨረሩን የሚቀበለው ሴንሰር ከፀሐይ የሚጋርደው ትንሽ ጥላ አለው፣ ክብደቱ ሕፃን አያደክምም፣ ከሩቅ የሚያየውም ሰው መጫወቻ መሆኑን ለማወቅ አይቸገርም። ያኔ ይህ ሁሉ ጥሩ ነገር መስሎን ነበር።

ሁለተኛ፤ የዕቃ መራጭ ኮሚቴዎ ሥራ። ሜዳው የጽሕፈት ቤቱ ስለሆነ ዕቃውም ጽሕፈት ቤቱ ያጸደቀው መሆን አለበት ተባልን፤ ቢጫዎቹ ተሰብስበው ወደ መጋዘናችሁ ገቡ። የተከበሩት የኮሚቴ አባላት ቢጫ ጠመንጃ የከተማውን ወጣት አይመጥንም፣ እውነተኛ የሚመስል ያስፈልጋል አሉ። ከዚያም እውነተኛ የሚመስሉትን ጥቁሮች በስብሰባ አዳራሽ ውስጥ፣ ውጭ ይሞቃል ብለው መጋረጃ ዘግተው፣ በሁለት ወንበሮች መካከል ሞከሯቸው። ግሩም ሠሩ። ተጨበጨበ፤ ጸደቀ። ልጄም ደጅ ቆማ ስለነበር ጭብጨባውን ሰምታለች።

ሜዳ ላይ ስንወስዳቸው ግን ጠመንጃዎቹ ለካ እንደ ኮሚቴው ፀሐይ አይወዱም። በቀን ብርሃን አንዱ ሌላው አፍንጫ ሥር ቆሞ ቢተኩስበት ሰደርያው ዝም ይላል። ተጫዋቾች መታሁህ፣ አልመታኸኝም እየተባባሉ ከጨዋታ ወደ እውነተኛ ጠብ ይሄዱ ጀመር። ልጄ ቢሮዎ ድረስ ሄዳ ስታመለክት መፍትሔው ወዲያው ተሰጣት። አመሻሽ ላይ አጫውቺ ተባለች።

ሦስተኛ፤ ይህን ስጽፍ እጄ ይከብደኛል፤ ቢሆንም ምስጋናው ይገባዎታል። ከሜዳው አጥር ማዶ ሌላ መጋዘን አለ፤ ጥበቃም አለው። ከዚህ ቀደም የታጠቁ ሌቦች ገብተውበት አብሮት የሚያድረውን ባልደረባውን አጥቷል። እሱ የያዘው ጠመንጃ በኮሚቴ የተመረጠ አይደለም፤ ይገድላል።

ታዲያ አንድ አመሻሽ ልጄ የአንዱ ተጫዋች ሰደርያ አልበራ ብሎ ልታስተካክልለት አጥሩ ሥር ወዳሉት በርሜሎች ሄደች። ጥቁሩ ጠመንጃ ትከሻዋ ላይ ነበር። ጥበቃው ከጎጆው ሲወጣ ያየው ጎንበስ ያሉ ሰዎችንና መሣሪያ ነው። አቀባብሎ ደረቷ ላይ ደገነና ጣይው አላት። ልትጥለው ብትሞክርም ማንገቻው ከሰደርያዋ ጋር ተጠላልፎ አልወልቅ አለ፤ በታገለች ቁጥር አፈሙዙ ወደ እሱ ይዞራል። የውሃ ጄሪካን ይዤ ስመጣ ያየሁት ይህንን ነው። ወንድሜ፣ ልጄ ናት፣ መጫወቻ ነው ብዬ ስጮኽ ድምፄ የእኔ አልመሰለኝም። ሰውየው አፈሙዙን አወረደና መሬት ላይ ቁጭ አለ።

በማግስቱ ይቅርታ ሊጠይቅ ደጃችን መጣ። ቁጭ በል ብንለው አልቀመጥም አለ። ያለኝን ቃል በቃል ልንገርዎት፤ ከእርስዎ ቢሮ በኩል እስካሁን የዚህን ያህል እውነት አልሰማሁምና።

«እማማ፣ ጨዋታ መሆኑን አሁን አውቃለሁ። ግን እንደዚያ ያለ ነገር በጨለማ ሳይ እጄ እኔን አይጠይቀኝም።»

አራተኛ፤ ለሰሌዳው አመሰግናለሁ። አቤቱታችን እንደደረሳችሁ አጥሩ ላይ፣ ከጥበቃው ጎጆ ትይዩ፣ በትልልቅ ፊደል «እዚህ ጨዋታ ይካሄዳል፤ መሣሪያዎቹ እውነተኛ አይደሉም» የሚል ሰሌዳ አስቸነከራችሁ። ጽሑፉ ያምራል። ጥበቃው ግን ማንበብ አይችልም። ይህን ያወቅኩት ምን እንደሚል በጠየቀኝ ጊዜ ነው። መነጽሬን ቤት ረስቼ ነው አለኝ፤ ሰውየው በሕይወቱ መነጽር አድርጎ አያውቅም። እኔም በየቢሮው ደጅ ስንትና ስንት ዓመት ያንኑ መነጽር ስረሳ ስለኖርኩ ነገሩ ቶሎ ገባኝ። አሁን ማለዳ ከሥራ ሲወጣ አጥሩ ሥር ቁጭ ብለን ፊደል እያስቆጠርኩት ነው። ጎበዝ ነው፤ በዚህ አያያዙ በሚመጣው ዓመት ሰሌዳዎን ሳያነበው አይቀርም። ያኔም ቢሆን ንባቡ ለቀን ነው፤ ጨለማ ውስጥ እርስዎም ቢሆኑ አያነቡትም።

አምስተኛ፤ ሜዳውን ዘግታ የሰነበተችው ልጄ እስከዚህ ቅዳሜ አመሻሽ ካልከፈተች ቦታው ለሌላ እንደሚሰጥ በማስጠንቀቅዎ አመሰግናለሁ። ልጄ ልትከፍት ነው። ተይ ብያታለሁ። ለምኛታለሁ፤ ተቆጥቻታለሁ፤ በመጨረሻም ማኩረፍ ጀመርኩ። እሷ ግን «እማዬ፣ ሜዳው ከሄደ እኔ ምን ቀረኝ?» ብላ ጠየቀችኝ። ባሏ ጥሏት ከሄደ ወዲህ ጠዋት የምትነሣበት ምክንያት ያ ሜዳ ነው። በርሜሎቹን ራሷ አንከባልላ ያመጣቻቸው ናቸው፤ ጎማዎቹን ራሷ ቀብራቸዋለች። ትላንት ማታ ጓዳ ተቀምጣ የጥቁሮቹን ማንገቻ በምላጭ ስታሳጥር አየኋት። ዳግመኛ ጣይው ስትባል እንዳይጠላለፍባት ነው።

ስለዚህ የምለምንዎ ነገር ትንሽ ነው። በመጋዘናችሁ አቧራ የሚጠጡትን ቢጫዎቹን ይመልሱላት፤ በቀን ታጫውትባቸው። ወጣቱ በቢጫ ጠመንጃ ክብሩ ከተነካ እኔ በየቤቱ ዞሬ ይቅርታ እጠይቃለሁ። ይህ የማይቻል ከሆነ ግን በቅዳሜው ጨዋታ ላይ በክብር እንግድነት እንዲገኙልን እጋብዝዎታለሁ። ሰፊውን ሰደርያ አስቀምጬልዎታለሁ። ቦታዎ አጥሩ ሥር ካሉት በርሜሎች ጀርባ ነው፤ ኮሚቴውም አብሮዎት ጎንበስ ቢል ደስ ይለናል። እኔ በጥበቃው ጎጆና በበርሜሎቹ መሐል በወንበሬ እቀመጣለሁ፤ ከዚያ ለመነሣት አላሰብኩም።

ለዜጎች ደኅንነት በሚያሳዩት እረፍት የለሽ እንክብካቤ እጅግ የተደነቅሁ፣ ከመቀመጫዬ ተነሥቼ እጅ የምነሳ፣ ሰፈሩ «ቆይ ልናገር» የሚለኝ የሜዳው አጫዋች እናት።

ሳልጠቅሰው እንዳላልፍ፤ ዛሬ ጠዋት ባለቤትዎ ልጄ ዘንድ ደውለው ነበር። እጅግ ጨዋ ሴት ናቸው። ለታናሹ ልጃችሁ ልደት ልጆቹን ሜዳችን ሊያመጧቸው እንደሚፈልጉ፣ ነገር ግን በቀን እንዲሆንና ጥቁሮቹን ስለሚፈሯቸው በቢጫዎቹ እንዲሆንላቸው ጠየቁ። ልጄም ቢጫዎቹ ያሉት በባልዎ ቢሮ መጋዘን ነውና እሳቸውን ይጠይቁልን አለቻቸው። እኛን ባይሰሙን እንኳ ማታ ራት ላይ እሳቸውን ይሰሟቸው ይሆናል።